አስራ አንድ እጅ

ሌላው ሰው ሰውን በጭንቅላቱ ይቆጥራል፤ እሜቴ ፊሽካ ግን የምትቆጥረው በእጁ ነው። አስራ አንድ ሠራተኛ፣ አስራ አንድ እጅ። አስር ከሆነ አስር ነው፤ «አንዱ መጣሁ ብሏል»፣ «አንዱ እዚያ ጋ ነው» የሚባል ነገር እሷ ዘንድ አይሠራም። ግትር ናት ይሏታል። ልክ ናቸው፣ ግትር ናት። ባቡርም ግትር ነው።

እሜቴ ፊሽካ እናትና አባቷ ያወጡላት ስም አይደለም፤ ያወጡላት የግንባታው ሠራተኞች ናቸው። ፊት ለፊት «እትዬ» ይሏታል፣ ዞር ስትል «እሜቴ ፊሽካ»። እሷም ታውቃለች። አንድ ቀን ካቦው ከአፉ አምልጦት ፊቷ ቆሞ «እሜቴ ፊሽካ» ቢላት ላብ አጠመቀው። «ምን ያስደነግጥሃል?» አለችው። «ሃያ ሦስት ዓመት ስሠራ እሜቴ ያለኝ የለም፤ ከነፊሽካውም ቢሆን እቀበላለሁ።»

የሚሠራው አውቶቡስና ባቡር አንድ ጣሪያ ሥር የሚገናኙበት ትልቅ መናኸሪያ ነው። ባቡሩ ግን «እስክትጨርሱ ልጠብቃችሁ» አይልም፤ በየሩብ ሰዓቱ አንዴ ከላይ አንዴ ከታች እየመጣ ያልፋል። አርማታ የሚሞላው ግንብ ደግሞ ከሐዲዱ አራት እርምጃ ቢርቅ ነው። አራት እርምጃ ማለት፣ አንዱ ፌሮ ተሸክሞ «ማነው የጠራኝ?» ብሎ ዞር ቢል የፌሮው ጫፍ ሐዲዱ ላይ አረፈ ማለት ነው። ስለዚህ እሷ የእንጨት ሳጥኗ ላይ ወጥታ ትቆማለች። ባቡር ብቅ ሲል ሁለት ጊዜ ረጅም ፊሽካ ትነፋለች። ሠራተኛው ሁሉ የያዘውን ጥሎ ከቢጫው ገመድ ጀርባ ይገባና ቀኝ እጁን ያነሳል። እዚያ የሳንቃ ክምር ስላለ ፊታቸው ከሷ ቦታ አይታይም፤ የሚታየው ከክምሩ በላይ የወጣው እጅ ብቻ ነው። ትቆጥራለች። አስራ አንድ ከሞላ አረንጓዴ ባንዲራ፤ ባቡሩ ሐዲዱ ዳር የተተከለው ነጭ ምሰሶ ጋ እስኪደርስ ካልሞላ ቀይ። ካለፈ በኋላ አንድ አጭር ፊሽካ፣ እጅ ይወርዳል፣ ሥራ ይቀጥላል።

ከመሃል መውጣት የፈለገ ሰው ደግሞ አንድ ግዴታ አለበት። ሳጥኗ ድረስ መጥቶ «ወጣሁ» ይላታል፣ ሲመለስ «ገባሁ» ይላታል። እሷም አንድ ቀንሳ ትቆጥራለች። ይህችን ነገር ልብ ብላችሁ ያዟት፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚህችው ግዴታ ነው።

የእጁን ነገር የግንባታው ኢንጂነር ናት ደንብ ያደረገችው፤ የፈጠረችው ግን እሜቴ ፊሽካ ናት፣ ያውም ድሮ። እናታቸው ስትሞት ታናሽ ወንድሟ አራት ዓመቱ ነበር። እሷ በዚያው ዓመት የባቡር ማቋረጫ ጠባቂ ሆና ተቀጠረች፤ መኪና መንገዱ ሐዲዱን የሚያቋርጥበት ቦታ ላይ ማገጃ እንጨት ማውረድና ማንሳት ነው ሥራው። መሥሪያ ቤቱ ሐዲዱ ዳር ሁለት ክፍል ቤት ሰጣት። ልጁን የሚይዝላት ሰው የለም። ከማዶ ሜዳው ላይ ይጫወታል፣ እሷ ከወዲህ ናት፣ ባቡሩ በመሃል ይገባል። ባቡሩ ሲያልፍ ያለው ያ ግማሽ ደቂቃ አንጀቷን ይቆርጠው ነበር። ስለዚህ አስተማረችው። «እጅ!» ስትለው ባለበት ቆሞ እጁን ያነሳል። ባቡሩ መጥቶ ይጋርደዋል። የመጨረሻው ፉርጎ ሲያልፍ እጁ እንደተነሳ ካየችው ትንፋሿ ይመለሳል፤ «አውርድ!» ትለዋለች፣ ያወርዳል፣ ጨዋታው ይቀጥላል። «አውርድ» ሳትለው አውርዶ አያውቅም። አንድ ቀን ከሰው ጋር ወሬ ይዛ ረስታው፣ ዞር ብላ ብታይ ያ ጉደኛ እጁን ሰቅሎ እያለቀሰ ቆሟል።

ያ ልጅ ዛሬ የሃያ ሰባት ዓመት ጎልማሳ ነው። ከአስራ አንዱ አንዱ ነው፤ ቀልድ ስለማያልቅበት «ቅመም» ይሉታል። ሚስት አግብቷል፣ ሚስቱ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ናት፣ ሦስቱም በዚያችው ሁለት ክፍል ቤት ይኖራሉ። ማቋረጫው ለመናኸሪያው ሲባል ሲዘጋ ቤቱ በሷ ሥራ የተሰጠ ስለሆነ አብሮ ሊሄድ ነበር። በስንት ደጅ ጥናት ነው የግንባታው ጠባቂ አድርገው ያቆዩዋት። መናኸሪያው ሲያልቅም የመሳፈሪያ ተቆጣጣሪ ትሆናለሽ፣ ቤቱም ይጸናልሻል ብለዋታል።

ታዲያ አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም፤ እሷም ተጫውታ አታውቅም። አንዴ ብቻ ተሳስታለች። ጉም በነበረበት ጠዋት አንዱ አንጸባራቂ ሰደርያውን ሐዲዱ አጠገብ ፌሮ ላይ ሰቅሎት ሄደ፣ እሷ ሰው መሰላትና ባቡር አስቆመች። ስድስት መቶ መንገደኛ ለአንድ ሰደርያ ሃያ ደቂቃ ቆመ። የባቡር መሥሪያ ቤቱ ኃላፊ በማግስቱ መጥቶ መነጽሩን እየጠራረገ፣ «አንዴ ሰው ይሳሳታል» አላት። «ሁለተኛ በከንቱ ካስቆምሽ ግን ፊሽካውንም ቤቱንም ታስረክቢያለሽ።»

እንግዲህ ወደ ሐሙስ ጠዋት ልምጣ።

ብርድ ነበር። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ፈጣኑ ባቡር ከላይ ብቅ አለ። ሁለት ረጅም ፊሽካ ነፋች። ሠራተኛው ከገመዱ ጀርባ ገባ፣ ቢጫ ጓንት ያጠለቁ እጆች ከሳንቃው በላይ ወጡ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… አስር፣ አስራ አንድ። ሞላ። አረንጓዴውን ባንዲራ እስከ ወገቧ አንሥታዋለች። ዓይኗ ግን እጆቹ ላይ ቀረ።

ከመሃል ሁለት እጆች ተጠጋግተው ቆመዋል፣ አውራ ጣቶቻቸው ፊት ለፊት ይተያያሉ። አንዱ ቀኝ ነው፣ አንዱ ግራ። ከሁለቱም ጓንት በታች አንጓው ላይ ግራጫ ሹራብ ብቅ ብሏል። ጓንቱን ድርጅቱ ለሁሉም ሰጥቷል፤ ግራጫው የአንጓ ማሞቂያ ግን ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው። የራሷን አሮጌ ሹራብ ተርትራ የሠራችለት እሷ ናት።

አስራ አንድ እጅ፣ አስር ሰው። ባቡሩ ነጩ ምሰሶ ጋ ሊደርስ ነው። ቤቱም፣ ኃላፊውም፣ መነጽሩም በአንድ ጊዜ ትዝ አሏት፤ እጇ ግን አልጠበቃትም። አረንጓዴውን ጥላ ቀዩን አነሳች።

የፍሬኑ ጩኸት ለጉድ ነበር። ባቡሩ እየተንፏቀቀ መጥቶ ግንቡ አጠገብ ሲደርስ ቆመ። ነጂው በመስኮት አንገቱን አወጣ።

«እትዬ! ምነው፣ ማን ሞተ?»

«ቆይ፣ እየቆጠርኩ ነው» አለችው።

ይህን ጊዜ ከግቢው ጥግ የቆርቆሮው ሽንት ቤት በር ሲጢጥ ብሎ ተከፈተ። ከአስራ አንዱ አንዱ፣ በያጁ ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው። በአንድ እጁ ቀበቶውን ይዟል፣ ስልኩን በጆሮውና በትከሻው መሃል ሸጉጧል። የቆመውን ባቡር አየ፣ ስድስት መቶ ሰው በመስኮት ሲያየው አየ። «መልሼ ልደውልልሽ» አለ በስልኩ። አንድ መንገደኛ፣ «ወንድም፣ ለአንተ ነው እንዴ የቆምነው?» ብሎ ቢጮህ ፉርጎው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ሳጥኑ ላይ የቆመችው ሴት ብቻ አልሳቀችም።

ለካስ ነገሩ ሰንብቷል። ወንዶቹ «ሽንቴ መጣ ብዬ ለእትዬ ልንገር?» እያሉ ሲያፍሩ፣ ሠላሳ እርምጃ ሄዶ «ወጣሁ» ማለት ሲታክታቸው፣ አንድ ዘዴ አበጁ። ሽንት ቤት የሄደ፣ ስልክ ሊያወራ ዞር ያለ ሰው ካለ አጠገቡ የሚቆመው ባልደረባው ሁለቱንም እጁን ያነሳለታል። እጅ ማዋስ ይሉታል። ዛሬ አንተ ለኔ፣ ነገ እኔ ለአንተ። ቁጥሩ ይሞላል፣ ባቡሩ ያልፋል፣ ማን ተጎዳ? ካቦው ያውቃል፤ የማያውቅ ይመስላል እንጂ።

ጉድ የፈላው ኢንጂነሯ ስትመጣ ነው። ወጣት ናት፣ ቁጡ አይደለችም፣ ግን የጠየቀችውን ሳይመልሱላት ወደ ሌላ አታልፍም። ካቦው ቀደማት። ባቡሩ የዘገየው በሠራተኞቹ ጥፋት ነው ከተባለ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነዋ።

«በያጁ ሽንት ቤት መሄዱን እዚህ ቆሜ ጮክ ብዬ ነግሬያታለሁ» አለ። «አስር ነው መቁጠር የነበረባት። ረሳች። ሰው ነች፣ ትረሳለች።»

ይህን ሲል ፊቱ አልቀላም። ዓይን ያወጣ ይሉሃል እንዲህ ነው። እሜቴ ፊሽካ አስሩን ሠራተኞች አንድ በአንድ አየቻቸው። ሁሉም ጫማውን ያያል።

«ነግሮሻል?» አለች ኢንጂነሯ።

«አልነገረኝም።»

«ታዲያ ስንት እጅ አየሽ?»

አፏን ከፈተች። አስራ አንድ ብትል የሚቀጥለው ጥያቄ ታወቃት፦ አስራ አንደኛው የማን ነበር? ወንድሟ ከካቦው ኋላ ቆሟል። ሁለት እጁን ኪሱ ከትቷል፣ እስከ አንጓው።

«የጎደለ ሰው ነበር። አስቆምኩ» አለች።

«እሱን አልጠየቅሁሽም፣ እትዬ። ስንት እጅ አየሽ?»

ኢንጂነሯ ትንሽ ጠበቀቻት፣ ከዚያ ደብተሯን ዘጋች። «ሪፖርቱ ነገ ይሄዳል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ኮንቴይነሩ ቢሮ እንገናኝ። የምትነግሪኝ ነገር ከሌለ ያለ ምክንያት ብዬ ነው የምጽፈው። ያ ምን እንደሆነ ደግሞ ታውቂዋለሽ።»

ማምሻውን ሦስቱም እራት ቀርበው አንድም ሰው አልጎረሰ። የወንድሟ ሚስት አንዴ እሷን አንዴ ባሏን ታያለች። «ምነው ዛሬ? ቅመም ጨው ሆኖ መጣብኝ እኮ» አለች። ማንም አልሳቀም።

«ስንት ጊዜ ነው?» አለች እሜቴ ፊሽካ ዓይኗን ከሳህኑ ሳታነሳ።

«ኧረ እትዬ፣ እንዲህ ከብዶ የሚታይ ነገር አይደለም። ሁላችንም ነን። ሽንት ቤት የተቀመጠን ሰው ባቡር ምን ያደርገዋል? ይገጨዋል? ከነቆርቆሮው?» ሊስቅ ሞከረ።

«ሽንት ቤት መሆኑን አይተሃል?»

«እዚያ ነዋ የሚሄደው። በአራት ሰዓት ሚስቱ ትደውልለታለች፣ ሁሌም እዚያ ገብቶ ነው የሚያወራት።»

«አይተኸዋል ወይ ነው የምልህ።»

«አላየሁትም» አለ በመጨረሻ።

ሚስቱ እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። አሁን ገባት። «አንተ ነህ እንዴ?» አለችው በቀስታ።

እሜቴ ፊሽካ ውሃዋን ጠጣች። ስታስበው ነው የዋለችው። ብትናገር ልጁ የሚወለደው አባቱ ሥራ ፈት ሆኖ ነው። ባትናገር ቤት የለም። ከሁለቱ ግን የምትችለውን መረጠች፤ እሷ መንገድ ላይ ብትወድቅ ያሳደገችው ልጅ ከነሚስቱ ያነሳታል፣ እሱ ከወደቀ ግን ማን ያነሳዋል? «ነገ ረስቼ ነው እላለሁ» አለች። «ካቦው እንዳለው።»

«ቤቱስ፣ እትዬ?»

«ቤት ይገኛል።»

አይገኝም፤ እሱም ያውቃል። ሆኖም «አይሆንም» አላለም። «በሞቴ፣ እኔው እናገራለሁ» አላለም። ሳህኑን እያየ ተቀመጠ። ውሸቱን ይቅር ልትለው ትችል ነበር፤ የዚያች ማታ ዝምታው ነው የቆረጣት። እጁን ይዛ ያሳደገችው ልጅ እሷን ሊሸጥ ተስማምቶ እራቱን ጀመረ።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ኮንቴይነሩ ቢሮ ገባች። ፊሽካዋን ከአንገቷ አወለቀች፣ ሁለቱን ባንዲራዎች ጠቀለለች፣ ሦስቱንም ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ምንድነው ይሄ?» አለች ኢንጂነሯ።

«ካቦው ነግሮኝ ነበር። ረስቼ ነው።»

«ትናንት አልነገረኝም አልሽ።»

«እሱንም ረስቼው ነው።»

ኢንጂነሯ ለረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ እስክሪብቶዋን አንሥታ መጻፍ ጀመረች። አንድ መስመር ሳትጨርስ በሩ ተንኳኳ።

ወንድሟ ነው። ዓይኑ ደም መስሏል። ጓንት አላጠለቀም፣ ግራጫዎቹ ማሞቂያዎች ብቻ አንጓው ላይ አሉ። ከኋላው በያጁ በሩን አጎንብሶ ገባ፣ ካቦውም «ኧረ በሕግ አምላክ፣ ቆዩ እንጂ!» እያለ ይከተላቸዋል።

«እትዬ ምንም አልረሳችም» አለ ወንድሟ። ሁለቱንም እጁን ወደ ላይ አነሳ፣ ልክ እንደ ሐሙሱ። «አስራ አንድ ነው ያየችው። ሁለቱ የኔ ናቸው። ማንም አልነገራትም፣ ማንም ወጣሁ አላላትም። እንዋዋሳለን። ያስቆመችው አውቃኝ ነው፣ ትናንት ዝም ያለችውም ለኔ ብላ ነው።»

እሜቴ ፊሽካ ሆዷ ባባ። ዘግይቶም ቢሆን መጣ፣ ልጄ ነው፣ አለች በልቧ። ልታቅፈው አንድ እርምጃ ተራምዳለች እኮ። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ እንዴት ጥሩ ነበር።

«እኔም የምለው አለኝ» አለ በያጁ። ሰውየው በወር አንዴ ነው የሚናገረው፤ ሁሉም ዞረ።

«ሐሙስስ ሽንት ቤት ነበርኩ። ማክሰኞ ግን አልነበርኩም» አለ። «የብየዳ ዘንጌ ሐዲዱ ሥር ካለው የውኃ መውረጃ ቱቦ ገብቶብኝ ላወጣው ገብቼ ነበር። ፊሽካው ሲነፋ ወገቤ ድረስ ውስጥ ነኝ። ልውጣ ብል ጊዜ የለም። ግን አልፈራሁም። እጄ ይጎድላል፣ እትዬ ታስቆመዋለች ብዬ ወደ ውስጥ ገብቼ ተኛሁ። አልቆመም። ከላዬ ነው ያለፈው። እስከ ምሳ ሰዓት ጥርሴ ሲንገጫገጭ ነበር።»

«ለምን አልተናገርክም?» አለች ኢንጂነሯ።

«ምን ብዬ? ሰኞ እኔም ለቅመም አውሼዋለሁ።»

ማክሰኞ ማን እጁን እንዳዋሰው የጠየቀ የለም፤ መጠየቅም አላስፈለገም። ወንድሟ አሁንም ሁለት እጁን እንዳነሳ ነው። ቀስ ብሎ አወረዳቸው፣ ጀርባውን ለቆርቆሮው ግድግዳ ሰጠ፣ እየተንሸራተተ መሬት ተቀመጠ። «አላወቅኩም» አለ። «እትዬ፣ አላወቅኩም።»

እሷ ግን እሱን አትሰማም። ማክሰኞ አረንጓዴውን ባንዲራ ያነሳችው እሷ ናት። አስራ አንድ ቆጥራ፣ ደስ ብሏት፣ «እለፍ» ብላ። አንድ ሰው ሐዲድ ሥር ተኝቶ እሷን ሲያምን፣ እሷ ከላዩ ባቡር አሳለፈች። ያውም በዚያችው እጅ፣ ወንድሟን ሕፃን ሳለ ከሞት እንድትጠብቀው ብላ ባስተማረችው። ፊሽካዋን አንሥታ አንገቷ ላይ አጠለቀች፣ ባንዲራዎቹን አነሳች፣ ወንድሟን በእግሩ በኩል አልፋው ወጣች። ዞር ብላም አላየችው።

ኢንጂነሯ እውነቱን ጻፈች። ኃላፊው መነጽሩን እየጠራረገ እንደገና ቢመጣ፣ «ሰው ከጎደለ ባቡር ይቆማል» አለችው። «ሽንት ቤት ይሁን ሰማይ ቤት ጠባቂዋ የምታውቅበት መንገድ የለም።» ቤቱም ሥራውም ጸና። ካቦው ማስጠንቀቂያ ተሰጠው፤ ከዚያ ወዲህ ለአንድ ሳምንት «እሜቴ» ብቻ ሲላት ሰነበተ፣ ፊሽካውን ትቶ። ወንድሟ ሐዲድ ዳር እንዳይሠራ ታገደና ከማዶ፣ አውቶቡሶቹ የሚቆሙበት በኩል፣ ብሎኬት ተሸካሚ ሆነ። ደሞዙ ቀነሰ። በሱ ቦታ ሌላ ሰው መጣ።

አዲስ ደንብም ወጣ፣ ያወጣው በያጁ ነው። ከገመዱ ጀርባ ሲገቡ ሁሉም ቀኝ እጁን ያነሳል፣ በግራው የጎረቤቱን ትከሻ ይይዛል። ከእጁ ሥር ትከሻ ያጣ ሰው «ጎደለ!» ብሎ ይጮኻል። ሁለት እጅ ማንሳት የሚችል ሰው የለም፤ አንዱ እጁ ሰው ይዟል። ሽንት ቤት መሄድንም ለመዱት። ጭራሽ ከሩቅ «እትዬ፣ ወጣሁ! ደግሞም እቆያለሁ!» እያሉ ይቀልዱባት ጀመር።

ቤት ውስጥ ግን ቀልድ የለም። እራቱን ታቀርብለታለች፣ ልብሱን ታጥብለታለች፣ አንድ ቃል አትተነፍስለትም። «እትዬ፣ እንደምን አደርሽ» ይላታል፤ በሩን ከፍታ ትወጣለች። «እትዬ፣ አፈር ልብላልሽ፣ ስደቢኝ እንኳ» ይላታል፤ ሳህኑን ታነሳለች። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሳምንት። ልትናገረው ትፈልጋለች፤ አፏን ስትከፍት ቱቦው ውስጥ የተኛው ሰው ይታያታል። ዘጠነኛው ቀን ላይ ሚስቱ መረራት። «ሦስት ሰው ካለበት ቤት እኔ ብቻዬን ሳወራ ልሙት?» አለች። «ሆዴ ውስጥ ያለው ይሻላል፣ እሱ እንኳ ይራገጣል።» እሜቴ ፊሽካ ፊቷን አዙራ ፈገግ አለች። ግን አልተናገረችም።

በአስረኛው ቀን ጠዋት ረጅሙ ባቡር ከታች ብቅ አለ። ሁለት ረጅም ፊሽካ ነፋች። እጆቹ ከሳንቃው በላይ ወጡ፤ አስራ አንድ። «ጎደለ» ያለ የለም። አረንጓዴውን ልታነሳ ስትል ዓይኗ ሐዲዱን ተሻግሮ ሄደ።

ከማዶ፣ ከሽቦ አጥሩ ጀርባ፣ ወንድሟ ቆሟል። ብሎኬቱን እግሩ ሥር አስቀምጧል። ቀኝ እጁን አንሥቷል፣ ግራው ጎኑ ላይ ተጣብቋል። ማንም አላዘዘው። እዚያ ያለው የሷ ቆጠራ ውስጥ አይገባም፣ ከሐዲዱም ርቆ ነው ያለው። አጠገቡ ያሉት ተሸካሚዎች እየጠቋቆሙ ይስቁበታል። እሱ አይስቅም፣ አይነቃነቅም፤ እሷን ብቻ ያያል።

«እትዬ፣ ሞልቷል እኮ!» አለ ካቦው ከክምሩ ጀርባ።

አረንጓዴውን አነሳች። ባቡሩ መጣና በመሃላቸው ገባ። አንድ ፉርጎ፣ ሁለት፣ ሦስት። አስራ አራት ነበሩ፤ ሁሉንም ቆጠረቻቸው። ያ የጥንቱ ግማሽ ደቂቃ ነው፣ አንጀቷም እንደ ጥንቱ ነው የሆነው። የመጨረሻው ፉርጎ አለፈ።

እጁ እንደተነሳ ነው።

አጭሩን ፊሽካ ነፋች። አስራ አንዱ እጅ ወረደ፣ ሠራተኛው ወደ ሥራው ገባ። የማዶው እጅ አልወረደም። ፊሽካውን ሰምቷል፤ የሚጠብቀው ግን እሱን አይደለም። ጊዜው ሄደ። ክንዱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ተሸካሚዎቹ መሳቃቸውን ትተው አንዴ እሱን አንዴ ሳጥኑ ላይ ያለችውን ሴት ያዩ ጀመር። በያጁ የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ወደ ሳጥኗ ቀርቦ «እትዬ፣ በቃው» አለ በቀስታ።

ፊሽካውን ከአፏ አወጣች። ድምፅዋ ሐዲዱን ተሻግሮ ደረሰ።

«አውርድ!»